የፊደል እግር፦ ጌጥ ወይስ ድምፅ? ክብ ጫፍ ያለው ያዘመመ ስላብ ሴሪፍ በጅቡቲ ከተማ ቋንቋዎች ሲመዘን

1. የጥያቄው መነሻ

ጅቡቲ ከተማ በጠባብ መሬት ላይ ብዙ ጽሕፈት የተከማቸባት ወደብ ናት። የ1992 ሕገ መንግሥት ዐረብኛንና ፈረንሳይኛን የመንግሥት ቋንቋዎች አድርጎ ደንግጓል፤ የአብዛኛው ነዋሪ አፍ መፍቻ ግን ሶማሊኛና አፋርኛ ነው። ከእነዚህ ጎን አማርኛ አለ። የኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ጭነት አብዛኛው በዚህች ከተማ ስለሚያልፍ፣ በፔካ 12 የሚቆሙት የከባድ መኪና ሹፌሮችና በከተማዋ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ግእዝ ፊደልን ይዘው ይመጣሉ። ስለዚህ አምስት ቋንቋዎች በሦስት ፊደላት፣ ማለትም በላቲን፣ በዐረብና በግእዝ፣ በአንድ ሰሌዳ፣ በአንድ ሰነድ ወይም በአንድ የጥናት ገጽ ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እንዲህ ያለ ገጽ የሚያዘጋጅ ሰው ሁሉንም ቋንቋ አንድ መልክ ለማልበስ መሻቱ አይቀርም። ለዚህ ከሚመረጡት ቅርጾች አንዱ ጫፎቹ የተድቦለቦሉ፣ እግሮቹ ወፍራም ጫማ ያጠለቁ፣ አቋሙም ወደ ቀኝ ያዘመመ ፊደል ነው፤ በሙያው ስም ክብ ኢታሊክ ስላብ ሴሪፍ ይባላል። መልኩ ለዓይን የለሰለሰ፣ የታይፕ ጽሕፈትን የሚያስታውስ፣ ከደረቅ የመንግሥት ደብዳቤ ይልቅ ወደ ሰው እጅ የቀረበ ነው። የውበቱ ጉዳይ ብዙ አያከራክርም። የሚያከራክረው ሌላ ነው፦ ይህ ቅርጽ ከሦስት ጠባዮች የተሠራ ሲሆን፣ ክበቱም ሆነ ማዘመሙ፣ ጫማውም ቢሆን በእያንዳንዱ ቋንቋ ጽሕፈት ውስጥ የሚነካው ነገር የተለያየ ነው። በአንዱ ጌጥ የሆነው በሌላው አናባቢ ይሆናል። የፊደል ቅርጽ ምርጫ ለሥዕል ባለሙያ ብቻ የሚተው ሳይሆን የሥነ ልሳን ጥያቄም የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

2. የቅርጹ ዘርና ጠባይ

ሦስቱ ጠባዮች በአንድ ጊዜ አልተወለዱም። ኢታሊክ በጣም ቀዳሚው ነው። በ1501 በቬኒስ አልዶ ማኑዚዮ በፍራንቼስኮ ግሪፎ እጅ ባስቀረጸው ያዘመመ ፊደል የቨርጂልን ሥራዎች አሳተመ፤ የፊደሉም ምንጭ በዘመኑ የነበረው ፈጣን የእጅ ጽሕፈት ነበር። ወፍራም ጫማ ያለው ፊደል ግን የንግድ ልጅ ነው። በ1810ዎቹ በለንደን ቪንሰንት ፊጊንስ ለማስታወቂያ ወረቀት ያወጣው ፊደል ከሩቅ እንዲታይ የተሠራ ነበር። ከናፖሊዮን ዘመቻ በኋላ የግብፅ ነገር ሁሉ በኤውሮፓ ፋሽን ሆኖ ስለ ነበር፣ ይህም ወገን «ግብፃዊ» የሚል የገበያ ስም ወጣለት፤ ከግብፅ ጽሕፈት ጋር ግን ዝምድና የለውም። በ1845 የሮበርት ቤዝሊ ክላረንደን በእግሩና በጫማው መካከል ያለውን ማዕዘን አለዘበ።

ክብ ጫፍ ከጫማው ጋር የተጋባው በታይፕ መኪና ላይ ነው። የታይፕ መኪና ለእያንዳንዱ ሆሄ እኩል ስፋት ይሰጣል፤ ቀጭኗ «አይ» እና ሰፊዋ «ኤም» በአንድ ልክ ቦታ ይይዛሉ። ቀጭኗ ሆሄ በባዶ ቦታ መካከል እንዳትንሳፈፍ ረጅም ጫማ ተደረገላት። ሪባኑ ሲመታ ቀለሙ ስለሚደማም ስል ጫፍ ጥቅም አልነበረውም፤ ወጥ ውፍረት ያለውና ጫፉ የተድቦለቦለ ጭረት ይሻል ነበር። በ1950ዎቹ ሃዋርድ ኬትለር ለአይቢኤም የነደፈው ኩሪየር የዚህ ወገን አውራ ነው። ድርጅቱ ቅርጹን ለብቻው ስላልያዘው ሌሎች አምራቾችም ተቀበሉት፤ ከቢሮ መዝገብ እስከ ፊልም ድርሰት ድረስ የታይፕ ጽሕፈት መልክ ሆነ። ኩሪየር ሲያዘም የሆሄዎቹን አካል አይለውጥም፤ የቆመውን ቅርጽ ያጋድመዋል እንጂ። ይህ ጥቃቅን የሚመስል ልዩነት ከታች ትልቅ ዋጋ ይኖረዋል።

3. ጫማው የሚያግዛቸው ቋንቋዎች

የሶማሊኛ የላቲን ጽሕፈት በ1972 በሞቃዲሾ ሲታወጅ ከተወዳዳሪዎቹ መካከል በ1920ዎቹ ዑስማን ዩሱፍ ኬናዲድ የፈጠረው የዑስማንያ ፊደል ይገኝ ነበር። የተመረጠው ግን ሺሬ ጃማ አሕመድ ሲሠራበት የነበረው የላቲን አጻጻፍ ዓይነት ነው። ከዋና ጠባዮቹ አንዱ ከሆሄ በላይና በታች ምንም ተጨማሪ ምልክት አለመፈለጉ ነው፤ ማንኛውም የላቲን ታይፕ መኪና ሊጽፈው ይችላል። በ1970ዎቹ ዲሚስና ሬዶ ያዘጋጁት የአፋርኛ አጻጻፍም በዚሁ መንገድ ሄዷል። ስለዚህ የሁለቱ ቋንቋዎች አጻጻፍ ከታይፕ መኪና ጋር የተስማማ ነው፤ የታይፕ መልክ ያለው ፊደልም ለእነርሱ እንግዳ ልብስ አይደለም።

ይህ ስምምነት በገጹ ላይ ይታያል። በሁለቱም ቋንቋዎች ረጅም አናባቢ የሚጻፈው ሆሄውን በመድገም ነው። ጫማ በሌለውና ስፋቱ ተለዋዋጭ በሆነ ፊደል ሁለት «አይ» ሆሄዎች ጎን ለጎን ሲቆሙ ሁለት ቀጭን ዘንጎች ብቻ ናቸው፤ ዓይን በቀላሉ እንደ አንድ ሆሄ ሊወስዳቸው ይችላል። እኩል ስፋት ባለው ባለ ጫማ ፊደል ግን የረዘመው «ኢ» እንደ ረዘመው «ኣ» ያህል ቦታ ይይዛል። የድምፁ ርዝመት በወረቀቱም ላይ ርዝመት ይሆናል። በተጨማሪም በመስመር በመስመር የሚተነተን የጥናት ምሳሌ ቃሉንና ፍቺውን በቀጥታ ከላይና ከታች ለማስተካከል እኩል ስፋት የሚሰጠው ጥቅም በታይፕ የተጻፉ የጥናት ወረቀቶችን ለሚያውቅ አንባቢ የታወቀ ነው።

ሁለተኛው ጥቅም ከሦስት ሆሄዎች ጋር ይያያዛል፦ «ሲ»፣ «ኪው» እና «ኤክስ»። ሶማሊኛ የዐይንን ድምፅ በ«ሲ»፣ የሐውትን ድምፅ በ«ኤክስ» ይጽፋል። አፋርኛ ዐይንን በ«ኪው»፣ ሐውትን በ«ሲ» ይጽፋል፤ «ኤክስ» ደግሞ ምላስ ወደ ኋላ ታጥፎ ለሚነገረው የ«ደ» ዓይነት ድምፅ ተመድባለች። ስለዚህ ዐሊ የሚለው ስም በሶማሊኛ በ«ሲ»፣ በአፋርኛ በ«ኪው» ይጀምራል፤ ሐሰን በሶማሊኛ በ«ኤክስ»፣ በአፋርኛ በ«ሲ» ይጀምራል፤ ፈረንሳይኛው የሁለቱንም ስሞች የጉሮሮ ድምፅ ትቶ በራሱ መንገድ ይጽፋቸዋል። በአንድ ከተማ፣ ምናልባትም በአንድ መዝገብ ላይ፣ አንድ ስም ሦስት መልክ ይኖረዋል። በፈረንሳይኛ ጽሑፍ አልፎ አልፎ ብቻ የምትታየው «ኤክስ» በእነዚህ ቋንቋዎች ዋና ሠራተኛ ናት። አራቱ ጫፎቿ ጫማ ሲኖራቸው በመስመሩ ላይ ጸንታ ትቆማለች፤ የ«ኪው» ጅራትም ጫማ ሲኖረው ከጎረቤቶቹ ይለያል። እስከዚህ ድረስ ስላብ ሴሪፍ ምስጋና ይገባዋል።

ክበቱ ግን ከዚህ ምስጋና ጥቂት ይቀንሳል። ጫፎች ሲድቦለቦሉ የ«ሲ» አፍ መጥበብ ይጀምራል፤ አፏ የጠበበ «ሲ» ወደ «ኢ» እና ወደ «ኦ» ምልክቶች ትቀርባለች። ዔል የተባለው የሶማሊኛ ቃል፣ የውሃ ጉድጓድ ማለት ነው፣ በ«ሲ» ተጀምሮ ሁለት ክብ አናባቢ ሆሄዎችን ያስከትላል፤ በደከመ ፎቶ ኮፒ ሦስቱ ክቦች አንድ ዓይነት ዶቃ ይመስላሉ። ስለዚህ ለእነዚህ ቋንቋዎች የሚመረጥ ክብ ፊደል የ«ሲ»ን አፍ ከተለመደው ይበልጥ ሊከፍት ይገባዋል።

4. ማዘመም፦ የድምፅ ችግርና የክብር ችግር

በእውነተኛው ኢታሊክ የ«አ» ድምፅ ምልክት ባለ ሁለት ፎቅ መልኳን ትታ ባለ አንድ ፎቅ ክብ ትሆናለች፤ በጎኗ ካለው ዘንግ በስተቀር ከ«ኦ» ምልክት የሚለያት የለም። ጫፉ የተድቦለቦለ ከሆነ ያ ዘንግም ወደ ክቡ ይዋሃዳል። ፈረንሳይኛ ይህን ይችለዋል፤ ኢታሊኩን ለአጭር ጊዜና ለጥቂት ቃል ብቻ ይጠቀምበታልና። ሶማሊኛ ግን ዳር እና ዶር የሚሉ ቃላት አሉት፤ የመጀመሪያው ሕንፃ ማለት ሲሆን፣ ሁለተኛው ዶራሾ፣ ማለትም ምርጫ፣ የሚለው ቃል የወጣበት ግሥ ነው። ሁለቱን በጽሕፈት የሚለያቸው የተደገመው አናባቢ ብቻ ነው። ሁለት የተደጋገሙ ክቦች ሲደበዝዙ የሚጠፋው የቃሉ ማንነት ነው።

ዐውዱ ስሕተቱን ያርመዋል የሚል መቃወሚያ ሊቀርብ ይችላል። ዐውድ በተያያዘ ድርሰት ውስጥ በእርግጥ ይረዳል። ነገር ግን ኢታሊክ በብዛት የሚውልባቸውን ቦታዎች መመልከት ይገባል፦ የሰውና የቦታ ስሞች፣ የቃላት ዝርዝሮች፣ የመማሪያ መጻሕፍት ምሳሌዎች፣ የሥነ ልሳን ጥናት ጥቅሶች። በእነዚህ ሁሉ ቃሉ ብቻውን ይቆማል፤ የሚደግፈው ዐረፍተ ነገር የለውም። ያዘመመው ፊደል ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ በሚያስፈልግበት ቦታ ከሁሉ ይልቅ ይደክማል። ኩሪየርን የመሰለ፣ የቆመውን ቅርጽ ብቻ የሚያጋድም ፊደል ባለ ሁለት ፎቋን «አ» ስለሚጠብቅ በዚህ ረገድ ከእውነተኛው ኢታሊክ ይሻላል። የፊደል ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ እንደ ስንፍና የሚቆጥሩት ማጋደም ለኩሻዊ ቋንቋዎች ታማኝነት ሆኖ ይገኛል።

ከድምፁ ሌላ የክብር ጥያቄ አለ። የፈረንሳይኛ የኅትመት ልማድ ከባዕድ ቋንቋ የመጣውን ቃል በኢታሊክ ይጽፋል። በጅቡቲ ከተማ ይህ ልማድ ሳይታሰብበት ሲሠራ፣ የሶማሊኛና የአፋርኛ ቃላት በገዛ አገራቸው ገጽ ላይ ባዕድ ሆነው ያዘማሉ፤ ፈረንሳይኛው ቀጥ ብሎ ይቆማል። የሥነ ልሳን ሥርዓትም በሌላ ምክንያት ወደዚያው ይደርሳል፦ የሚጠናው ቋንቋ ቃል ያዘመመ፣ የሚያጠናው ቋንቋ ዐረፍተ ነገር የቆመ ነው። ታይፕ መኪና በነገሠበት ዘመን ይኸው ሥራ በመስመር ይከናወን ነበር፤ ቃሉ ከሥሩ ሲሰመርበት ኢታሊክ ነው ማለት ነበር። በ1961 የወጣው የአይቢኤም ሴሌክትሪክ የፊደል ኳሱን በመለወጥ ኢታሊክ መጻፍ አስቻለ፤ ሥርዓቱ ግን ያው ነበር። የጥቅሱን ቃል ከማብራሪያው መለየት አስፈላጊ መሆኑ አያጠራጥርም። መለያው ማዘመም ብቻ ነው ብሎ መደምደም ግን ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም።

በዐረብ ፊደል ላይ ነገሩ በአጭሩ ይቋጫል። ሆሄዎቹ እየተያያዙ ስለሚሄዱ የጭረቱ ጫፍ የመገናኛ ቦታ ነው፤ ጫማ የሚጠልቅበት ነጻ እግር ጥቂት ነው። ወደ ቀኝ ማዘመምም ከቀኝ ወደ ግራ ከሚሄደው የንባብ አቅጣጫ ጋር ይጻረራል። ዐረብኛ ለማጉላት ከአንዱ የእጅ ስልት ወደ ሌላው የመሸጋገር የራሱ ሀብት አለው።

5. በግእዝ ፊደል ላይ እግር ትርጉም ነው

ዋናው ፍርድ የሚሰጠው በግእዝ ፊደል ፊት ነው። የላቲን ሆሄ እግር ባዶ ነው፤ ጫማ ቢጠልቅበትም ባይጠልቅበትም ድምፁ አይለወጥም። የግእዝ ሆሄ እግር ግን የአናባቢ መቀመጫ ነው። «በ» በቀኝ እግሩ ግርጌ ወደ ቀኝ አግዳሚ ጭረት ሲቀበል «ቢ» ይሆናል፤ ጭረቱ ቀለበት ሲሆን «ቤ» ይሆናል። ስለዚህ የ«በ»ን እግሮች ወፍራም ጫማ ማልበስ ሣልሱን በግእዙ ላይ መጻፍ ነው። «በሉ» የሚለው «ቢሉ» ወደሚለው ይጠጋል፤ ትእዛዙ ወይም የሆነው ነገር «ምናልባት» ይሆናል።

ባለ አንድ እግር ሆሄ ላይ ጉዳቱ እጥፍ ነው። «ተ» ግርጌው ወደ ቀኝ አግዳሚ ሲያወጣ «ቲ»፣ ወደ ግራ ሲታጠፍ «ታ» ነው። ስላብ ሴሪፍ በባሕርዩ ወደ ሁለቱም ወገን ይዘረጋል፤ ጫማ ያጠለቀ «ተ» ግእዝ፣ ሣልስና ራብዕ በአንድ ላይ የተጫኑበት ሆሄ ይሆናል። «ተከለ» እና «ታከለ» የሚለያዩት በዚያች ወደ ግራ በምትታጠፍ እግር ብቻ መሆኑን ማስታወስ በቂ ነው።

እግሩ ከተከለከለ ጫማው ወደ ራስ ይውጣ የሚል ሐሳብ ሊቀርብ ይችላል። ራሱም ባዶ አይደለም። አማርኛ ከግእዝ የወረሰውን ፊደል ለራሱ ድምፆች ሲያስፋፋ አብዛኛውን የሠራው በሆሄው ራስ ላይ ጭረት በመጨመር ነው፦ ከ«ሰ» «ሸ»፣ ከ«ተ» «ቸ»፣ ከ«ነ» «ኘ»፣ ከ«ዘ» «ዠ»፣ ከ«ከ» «ኸ»። በራስ ላይ የሚቀመጥ ወፍራም አግዳሚ ተነባቢውን ራሱን ይለውጠዋል። «ሰጠ» እና «ሸጠ» በዚህ አንድ ጭረት ይለያያሉ፤ የወደብ ከተማ የሰጠውንና የሸጠውን ሰው በወረቀት ላይ ካልለየች ሌላ ምን ልትለይ ትችላለች? እንግዲህ ታች አናባቢው፣ ላይ ተነባቢው ቦታውን ይዘውታል። በግእዝ ፊደል ውስጥ ለላቲን ዓይነት ጫማ ባዶ መሬት የለም።

ክበቱም ፈተና አለበት። የሣልስ አግዳሚ ጫፉ ሲድቦለቦልና ሲወፍር፣ የኃምስ ቀለበትም በትንሽ መጠን ሲታተም ውስጡ ሲደፈን፣ ሁለቱ ወደ አንድ ጉብታ ይደርሳሉ። «ሂዱ» ለቆሙት ትእዛዝ ነው፤ «ሄዱ» ስላለፉት ወሬ ነው። በአማርኛ ታይፕ መኪና የሠራ ሰው ይህን በእጁ ያውቀዋል። አናባቢው ብዙ ጊዜ ከዋናው ሆሄ ተለይቶ በራሱ ቁልፍ ስለሚመታ፣ አግዳሚውና ቀለበቱ ከሆሄው ጥቂት ርቀው ይቀመጡ ነበር። ገጹ ውበት አልነበረውም፤ ነገር ግን አንድ እውነት አጋልጧል፦ በላቲኑ መኪና ጫማው የሆሄው አካል ሆኖ አብሮ ሲመታ፣ በአማርኛው መኪና ያ እግር ራሱን የቻለ ቁልፍ ነበር።

ማዘመሙ ደግሞ ታሪክ የለውም። በ1513 በሮም ዮሐንስ ፖትከን የግእዙን መዝሙረ ዳዊት ካሳተመ ጀምሮ የግእዝ ኅትመት ጥንድ ኢታሊክ አላበጀም፤ አላስፈለገውምም። የብራና ጸሐፊው የሚያከብረውን ስም በቀይ ቀለም ይለየው ነበር። ዛሬ በብዛት የሚሠራባቸው ኛላና አቢሲኒካም የራሳቸው ያዘመመ ወንድም የላቸውም። በአማርኛ ጽሑፍ ላይ የኢታሊክ ቁልፍ ሲጫን የሚወጣው ማንም ያልነደፈው፣ ኮምፒዩተሩ በቁጥር ያጋደመው ቅርጽ ነው። ይህ ማጋደም ለላቲኑ «አ» ታማኝነት ነበር፤ ለግእዝ ግን አይደለም። እንደ «ለ» እና እንደ «ሰ» ያሉ ሆሄዎች እግሮቻቸውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ አንፈራጠው የቆሙ ናቸው። ሲጋደሙ ግራው ይተኛል፣ ቀኙ ቀጥ ይላል፤ ሚዛናቸው ይፈርሳል። ብዙዎቹ ሆሄዎች ራብዕንና ሳብዕን የሚለዩት ከሁለቱ እግሮች የትኛው እንዳጠረ በማሳየት ነው፤ «ካባ» እና «ኮባ» ለምሳሌ። ዓይን የእግሮቹን ርዝመት የሚያነጻጽረው በተመሳሳይ አቋም ሲቆሙ ነውና፣ አንዱ ተኝቶ ሌላው ሲቆም ንጽጽሩ ይከብደዋል።

የሰሌዳና የመኪና ጸሐፊዎች ግእዝን አዘንብለው ሲጽፉ ይታያሉ፤ ይህ ለምን ይፈቀዳል የሚል ቢኖር መልሱ በእጅና በመኪና መካከል ያለው ልዩነት ነው። እጅ ሲያዘነብል ያስባል፤ አጭሩን እግር ይበልጥ ያሳጥራል፣ ቀለበቱን ያሰፋል፣ አግዳሚውን ይስባል። ቁልፉ ሁሉንም በአንድ ማዕዘን ይገፋል።

6. ፍርድና አጠቃቀም

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ ክብ ያዘመመ ስላብ ሴሪፍ መጥፎ ፊደል ነው የሚል አይደለም። ለሶማሊኛና ለአፋርኛ፣ ማዘመሙ የ«አ»ን ባለ ሁለት ፎቅ መልክ እስከ ጠበቀና የ«ሲ» አፍ እስከ ተከፈተ ድረስ፣ ለመማሪያ መጽሐፍም ለጥናት ምሳሌም የሚያገለግል ጥሩ ፊደል ነው። ረጅም ድርሰት ግን በተከታታይ ባይጻፍበት ይመረጣል፤ የሁለቱ ቋንቋዎች አንባቢ ቀጥ ብሎ የቆመ ገጽ ይገባዋል። በፈረንሳይኛ ገጽ ውስጥም የአገሩን ቃል እንደ ባዕድ ከማዘመም ይልቅ እንደ ማንኛውም ቃል አቁሞ መጻፍ ይቻላል።

ለግእዝ ፊደል የሚበጀው ከሦስቱ ጠባዮች አንዱን ብቻ፣ እርሱንም በገደብ፣ መቀበል ነው። ክበቱ ይፈቀድ፤ የሣልሱ አግዳሚ ጫፍ ግን ቀጥ ተደርጎ ይቆረጥ፣ የኃምሱ ቀለበትም ውስጡ ክፍት ይሁን። ጫማውና ማዘመሙ ይቅሩ። ከላቲኑ ጋር የመልክ ዝምድና ካስፈለገ በጭረት ውፍረትና በመስመር ቁመት ሊገኝ ይችላል። የጥናት ጥቅስ ከማብራሪያው መለየት ካለበት «እንዲህ ያለው» የትእምርተ ጥቅስ ምልክት፣ ደመቅ ያለ ፊደል ወይም በቀለም ኅትመት የብራናው ቀይ ይበቃል።

የጋራ ገጽ ላይ ከመዋሉ በፊትም ማንኛውም እንዲህ ያለ ፊደል በአንድ ቀላል ፈተና ሊያልፍ ይችላል። ዳርና ዶር፣ ዔል፣ ዐሊና ሐሰን በየቋንቋቸው የላቲን አጻጻፍ፤ «በሉ» እና «ቢሉ»፣ «ተከለ» እና «ታከለ»፣ «ሂዱ» እና «ሄዱ»፣ «ካባ» እና «ኮባ»፣ «ሰጠ» እና «ሸጠ» በግእዝ ፊደል፣ ሁሉም በትንሽ መጠን ይታተሙ፤ አንድ ጊዜም በፎቶ ኮፒ ይባዙ። ከዚያ ቋንቋው አፍ መፍቻው የሆነ ሰው ያለ ዐውድ ጮክ ብሎ ያንብባቸው። አንባቢው ከጥንዶቹ በአንዱ ላይ ቢያመነታ ጥፋቱ የዓይኑ አይደለም፤ ሊታረም የሚገባው ፊደሉ ነው።